የትርንጎ ታንኳ ስንት ያወጣል?

በእኛ አገር ዕቃ ዋጋ የሚወጣለት ሲነጠቅ ነው። ሻጭ «ይህን ያህል ደክሜበታለሁ» ቢል የሚሰማው የለም፤ ከደከመው ይረፍ ይባላል። ገዢም «አቅሜ ይኸው ነው» ቢል አይሰማም፤ አቅሙን የምታውቀው ሚስቱ ናት። እኛ ለሁለቱም የማያዳላ ሥርዓት አለን። አዲስ ዕቃ ገበያ ሲገባ መጀመሪያ ቀማሽ ለሚባለው ሹመኛ ይሰጣል። ቀማሹ ይጠቀምበታል፣ ይለምደዋል፣ ይወደዋል። ልክ መውደድ ሲጀምር ነጣቂ የሚባለው ሹመኛ በጀርባው መጥቶ ላፍ ያደርግበታል። ያን ጊዜ ከቀማሹ አፍ የሚወጣው ድምፅ የዕቃው ዋጋ ነው።

ድምፁን የምለካው እኔ ነኝ። ሹመቴ ጆሮ ይባላል። ከመጋረጃ ጀርባ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ፊት አላይም፣ እንባ አላይም፤ ሥራዬ ድምፅ ብቻ ነው። ዝቅተኛው መደብ «እህ» ይባላል፤ ሽንኩርትና ክብሪት እዚያ ናቸው። ከእሱ በላይ «ውይ» አለ፣ ከዚያ «ወይኔ»፣ ከዚያ «ኡኡ»፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «እሪ»። ቀማሹን ምንም ያላሰኘ ዕቃ መደብ የለውም። ገበያው በር ላይ ያለ ትልቅ ቅርጫት ውስጥ ይጣልና የፈለገ ሁሉ በነጻ ያነሳዋል።

ሥርዓቱ ፍትሐዊ መሆኑን የሚጠራጠር ካለ ሄዶ ቅርጫቱን ይይ። ምርኩዝ እዚያ አለ። ሲነጠቅ ቀማሹ በአፍጢሙ ተደፍቶ አፉን አፈር ስለሞላው ድምፅ አልወጣውም። የሳንባ መድኃኒትም እዚያ ነበር፤ ቀማሽ ሆኖ የመጣው ሕመምተኛ ለመጮህ ትንፋሽ አልነበረውም። በነጻ ሲሆን ሁሉም እየመረቀ ወሰደ። ካለቀ ወዲህ ግን የሚሠራው ሰው ጠፋ፤ ለምን እንደጠፋ የገበያው ሸንጎ እያጠናው ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ለባልም ዋጋ ይውጣለት ተብሎ ነበር። ነጣቂው ባልየውን ከገበታ አንስቶ ሲወስደው ሚስትየዋ ሳቀች። ሳቅ መደብ ስለሌለው ነገሩ በዚያው ቀረ።

ሕዝቡም ብልህ ነው፤ ዕቃ እንዳይወደድበት መጮህ ትቷል። ሕፃን ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ እናቱ «ዋ! ዳቦ ታስወድድና!» ትለዋለች፤ ያወጣውን ድምፅ መልሶ ይውጠዋል። በአገራችን የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ሕዝብ ነው!» እያለ ይሄዳል።

አሁን ወደ ትርንጎ ልምጣ። ትርንጎ በታችኛው ሰፈር ሬዲዮና ስክሪን የምትጠግን ሴት ናት። ድንገት አንድ ቀን መጠገኑን ትታ ጌም እሠራለሁ አለች። ሥራው ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ ይበላል፣ ይጠጣል፣ መብራት ያበራል። ስለዚህ የቤቷን ጣሪያ ቆርቆሮ በቆርቆሮ እየነቀለች መሸጥ ጀመረች። ሰፈሩ የጌሙን አካሄድ የሚከታተለው ጣሪያዋን ቀና ብሎ እያየ ነበር። የማድ ቤቱ ቆርቆሮ ሲነሳ «ሐይቁን ጨረሰች» አሉ። የሳሎኑ ሲነሳ «ታንኳው ቆመ» አሉ። በመጨረሻ ከአልጋዋ በላይ ያለው ተነሳና «ተሳፋሪዎቹ መናገር ጀመሩ» ተባለ። ወሩ የበጋ ነበር፤ ሰማይ እያየች ተኛች።

ጌሙን ልታስመዘግብ ስትመጣ መንገድ ላይ አገኘችኝ።

«አቶ ጆሮ፣ ‹ወይኔ› ላይ ብቻ ቢደርስልኝ ክረምት ሳይገባ ጣሪያዬን እመታለሁ።»

«እመት ትርንጎ፣ እኔ ሰው አላውቅም» አልኳት። «ጆሮ ነኝ።»

«ጆሮ ባትሆን ምን ብዬ እነግርሃለሁ!» ብላኝ አለፈች።

በዚያው ቀን ሌላ ጌም ተመዝግቦ ነበር። ባለቤቱ አቶ ሞላልኝ የሚባል ነጋዴ ነው። ጌሙም «ዶሮዬ» ይባላል። ስክሪኑ ላይ አንዲት ዶሮ ተቀምጣለች። ዶሮዋ እንቁላል ልትጥል ነው። ሁልጊዜ ልትጥል ነው። ጥቂት ትቆይና ይርባታል፤ ሳንቲም ካልከፈሉላት አንገቷን ጥላ ዓይኗን ትገለብጣለች። የከፈሉላት እንደሆነ ብድግ ብላ ክንፏን ታራግፍና፣ ዞር ዞር ብላ፣ እንደገና ልትጥል ትቀመጣለች። ጌሙ ይኸው ነው። እንቁላሉን ያየ የለም። አቶ ሞላልኝ ራሱ አይቶት እንደሆነ ተጠይቆ «እኔ የምሠራው ለደንበኛ እንጂ ለራሴ አይደለም» ብሏል።

ቀማሻችን ጋሽ ይርዳው ይባላል፤ ሰፊ ትከሻ ያለው ሆደ ባሻ ሰውዬ ነው። ነጣቂያችን ደግሞ አቶ ደረባ ነው። ቀጭንና ጨዋ ሰው ነው፤ ከመንጠቁ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከነጠቀ በኋላ ይቅርታ ይጠይቃል። በሹመት ዘመኑ ሁሉ አንድም ቀን እጁ ስቶ አያውቅም። ከእነሱ በላይ የሸንጎው ሰብሳቢ አሉ፤ የመደብ አባት እንላቸዋለን።

በመጀመሪያ ዶሮዋ ቀረበች። ጋሽ ይርዳው «እሰይ፣ ብይልኝ፣ ብይልኝ» እያለ ሲያበላት ሰማሁ። ከዚያ አቶ ደረባ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሪ! ኧረ የሰው ያለህ! ልትጥል ነበር እኮ! ጭራዋን አንስታ ነበር እኮ!»

«ይቅርታ፣ ጋሼ።»

«ይቅርታህን ጠቅልለህ ብላው! ዶሮዬን ስጠኝ! ደረባ፣ በናትህ አንዴ ብቻ ልያት!»

አጠገብ ያለው ሰፈር ሰው የሞተ መስሎት ድንኳን ተሸክሞ መጣ። እኔም ከመጋረጃው ጀርባ «እሪ» አልኩ። የመደብ አባት «ጸደቀ» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለዶሮዋ የምትከፈለው ጉርሻ ሁሉ በእሪ ዋጋ ሆነች። አቶ ሞላልኝ ለድንኳን ተሸካሚዎቹ ሻይ ጋበዘ።

ቀጥሎ የትርንጎ ጌም ቀረበ። እኔ ስክሪኑን ስለማላይ የማወራው የሰማሁትን ነው። መቅዘፊያ ውሃ ሲመታ ሰማሁ። ተጫዋቹ ታንኳ ቀዛፊ ነው፤ ሰዎችን ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ያሻግራል። የቤቷን በር ተሸክማ የተሳፈረች ሴት ነበረች። «ቤቱ ፈረሰ፣ በሩ ግን ደህና ነው» ትላለች። ከየትኛው ዳርቻ እንደተነሳ የረሳ ሰውዬ ነበር። ጋሽ ይርዳው ሲቀዝፍ፣ ሲያዳምጥ፣ አንዳንዴም ብቻውን ሲስቅ ሰማሁ። በርጩማዬ ላይ ሆኜ የአቶ ደረባን ጉሮሮ ጠበቅሁ። አልጠረገም። ታንኳው ሄደ፣ ተመለሰ። አሁንም አልጠረገም። በመጨረሻ አንድ ምንም የማይናገር ሰው ተሳፈረ፤ መናገሩን አልሰማሁም፣ እንጨቱ ሲንቋቋ ብቻ ሰማሁ። ጋሽ ይርዳው ግን ቀስ ብሎ «አባባ?» አለ።

ከዚያ ታንኳው አሸዋ ነካ። ሸር የሚል ድምፅ። ከዚያ ጸጥታ።

ለጆሮ መጋረጃ መግለጥ ክልክል ነው። ትንሽ ገለጥ አደረግሁት። አቶ ደረባ እጁን ለመንጠቅ ዘርግቶ፣ እዚያው እንደዘረጋው ረስቶት፣ በጋሽ ይርዳው ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ አፉን ከፍቶ ቆሟል።

«ደረባ!» አሉ የመደብ አባት።

አቶ ደረባ ባነነና ነጠቀ። የሚነጠቅ ግን አልነበረም፤ ጋሽ ይርዳው ስክሪኑን በሁለት እጁ አቀበለው።

«ውሰደው፣ ደረባ። እግዜር ይስጥልኝ። አለቀ።»

«ጆሮ፣ ምን ሰማህ?» አሉኝ የመደብ አባት።

«ዝንብ» አልኩ።

«ከቀማሹስ?»

«ምንም።»

ትርንጎ ከኋላ ወንበር ተነሳች። «አባት፣ መሃል ላይ ቢነጠቅ ኖሮ ይጮህ ነበር! ጨርሶት ነው እኮ ዝም ያለው!»

«ልጄ፣ ምን አስጨረሰሽ ታዲያ? አቶ ሞላልኝ እንኳ አንዲት እንቁላል አላስጨረሰም።»

አቶ ደረባም ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባት። መንጠቅ ነበረብኝ፤ ያ የማይናገረው ሽማግሌ ተሳፋሪ ፊቱን እስኪያዞር ብዬ ስጠብቅ ረሳሁት።»

የመደብ አባት ከአማካሪዎቻቸው ጋር ተንሾካሾኩ። ከዚያም «ነጣቂ ረስቶ አያውቅም። ረስቶ ስለማያውቅም አልረሳም። ተቀመጥ» አሉት። የትርንጎ ታንኳ በምርኩዙ አጠገብ ቅርጫት ውስጥ ገባ።

ሕዝቡ በነጻ መሆኑን ሲሰማ ቅርጫቱን ከበበው። በየቤቱ ታንኳ ተቀዘፈ። ለዓመታት የተኳረፉ ወንድማማቾች ሲታረቁ አየሁ። አባቱ በሕይወት ያለለት አባቱን ሊጠይቅ ሄደ፣ አባት የሌለው ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ። ሁሉም ጨዋታውን ጨርሶ ስክሪኑን ያጠፋና ያመሰግናል። ምስጋናውንም ይዞ ትርንጎ ቤት ይመጣል። ጣሪያ ስለሌለው እንግዳው ከውጭ እንደቆመ በግድግዳው በላይ ማመስገን ይችል ነበር፤ ነገር ግን ሰው ክብር ያውቃልና በበር ገብተው ተቀምጠው፣ ያቀረበችላቸውን ቆሎ እየቆረጠሙ ያመሰግኗታል።

አንድ ቀን የመጀመሪያው ደመና ሲያንዣብብ በዚያ በኩል ሳልፍ ጋሽ ይርዳው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ትርንጎዬ፣ አባቴን አሳየሽኝ እኮ! ከሞተ ስንት ዘመኑ! እንዴት አድርገሽ ነው፣ አንቺ ልጅ?»

«ስንት ትከፍልበት ነበር፣ ጋሼ?»

«ምን?»

«ዋጋ ቢኖረው ኖሮ። ስንት?»

ጋሽ ይርዳው ደረቱን መታ። «ኧረ ይሄማ! ይሄማ በገንዘብ ይተመናል እንዴ? እንዲህ ያለውን ነገር ገንዘብ አይነካውም! አየሽ፣ እኔ አንቺን የማስብሽ…» ኪሱ ውስጥ «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። «አንዴ ይቅርታ፣ ልጄ። ልትጥል ነው።» ስክሪኑን አወጣና ሳንቲም ከፈለ። ዶሮዋ ተቀመጠች። «እና ምን እያልኩሽ ነበር?»

«ገንዘብ አይነካውም።»

«አዎ! አይነካውም!»

እሱ ሲወጣ አቶ ሞላልኝ ገባ። ጃንጥላ ይዟል። በጨዋ ደንብ ጃንጥላውን በእሷ ላይ ዘረጋላት።

«እመቤት ትርንጎ፣ ሥራሽ ግሩም ነው። አንድ እንከን ብቻ አለበት።»

«ምን?»

«ዳርቻው። ሐይቁን አስፊው። ሽማግሌው ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥ። ፊቱን ሊያዞር ሲል ታንኳው ይቁም። አንድ መቅዘፍ፣ አንድ ሳንቲም። ጆሮ ከልቡ ይሰማሻል፤ አይደል፣ አቶ ጆሮ?»

«እኔ የወጣውን ነው የምሰማው» አልኩ።

«ሰውዬው መቼ ነው ፊቱን የሚያዞረው?» አለች ትርንጎ።

«ዶሮዬ መቼ ነው የምትጥለው?» አለና ሳቀ አቶ ሞላልኝ።

«ጃንጥላህን አንሳልኝ» አለችው።

አነሳላት። ሰማዩም ያን ያህል አልቆየም፤ ዝናቡ መጣ። ያን ሳምንት ትርንጎ አልጋዋን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ስትጎትት ሰፈሩ ይሰማ ነበር። ጥጎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። ፍራሹ ውሃ ጠጣ። መጠገኛ ዕቃዎቿን በላስቲክ ጠቅልላ አልጋ ሥር አስገባች፤ ውሃው በአልጋ ሥር መጣ። አመስጋኞቹም በጭቃው ምክንያት መምጣት ተዉ፤ ግን ሰላምታ ይልኩ ነበር። «ኮፊያ እንድታደርግ ንገሯት፤ እንዲህ ያለች ሴት መታመም የለባትም» ይሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ትርንጎ ነጠላዋ ላይዋ ላይ ተጣብቆ ወደ ገበያው ሸንጎ ገባች። አቶ ሞላልኝን አላየችውም። የመደብ አባትንም ሰላም አላለችም። «የተለወጠ ዕቃ እንደገና ይነጠቃል ይላል ሕጉ፤ ለውጬዋለሁ» ብላ ጌሙ ያለበትን ካርድ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። መቅዘፊያው ያው ነበር፣ ውሃው ያው። በሯን የተሸከመችው ሴት ዓረፍተ ነገሯን አልጨረሰችም፤ «ቤቱ ፈረሰ፣ በሩ ግን…» ብላ ሳንቲም ትጠብቃለች። የማይናገረው ሰው ተሳፈረ። ጋሽ ይርዳው «አባባ!» አለ። «አባባ፣ ዙርልኝ። አንዴ። ይኸው ከፈልኩ። ይኸው።» አቶ ደረባ ጉሮሮውን ጠረገ። እንደዚያ ቀን ጉሮሮ ሲጠርግ ረጅም ጊዜ የወሰደበትን አላስታውስም።

የጋሽ ይርዳውን ድምፅ በጽሑፍ ማስቀመጥ አይቻልም። ግራ ጆሮዬ ዛሬም አልፎ አልፎ ይጮኽብኛል። የመደብ አባት ከእሪ በላይ አዲስ መደብ እናውጣ ወይስ አናውጣ ብለው ተወያዩና ወጪ ያበዛል ተብሎ ተተወ። ትርንጎ የእሪ ዋጋዋን ይዛ ወጣች። ሰፈሩ አሁንም ጣሪያዋን ቀና ብሎ እያየ ነበር፤ ቆርቆሮው አንድ በአንድ ተመለሰ፣ አዲስና የሚያብረቀርቅ። አንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ አይኖረውም በሚለው ሕግ መሠረት የቀድሞው ታንኳ ከቅርጫቱም ከየቤቱም ተለቅሞ ጠፋ።

ሕዝቡ አዲሱን መቅዘፍ ያዘ። ማንም አልተሻገረም። ጥቂት ቆይቶ ጋሽ ይርዳው፣ ዓይኑ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ትርንጎ በር ላይ መጣ። እኔም ነበርኩ፤ ምክንያቱም ሰው ሲጮህ መስማት ሥራዬ ነው።

«ትርንጎ! አባቴን መልሺልኝ! ዳርቻው የት ገባ?»

«ዳርቻውማ በነጻ ነበር፣ ጋሼ። ወስዳችሁታል።»

«እኔ ምን አውቄ!»

«አውቀህ ነበር። ‹አለቀ› ብለህ በሁለት እጅህ አቀበልክ።»

ጋሽ ይርዳው ኪሱን ዳበሰ፤ ሳንቲም ፍለጋ መሆኑን በድምፁ ለየሁት። ከዚያ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዝናባማ ከሰዓት አቶ ደረባ ቤቴ መጣ። ካፖርቱን በእጁ ደረቱ ላይ ጨምቆ ይዞታል። ከውስጡ ስክሪን አወጣ። የድሮው ታንኳ ነበር።

«ሁሉም ተለቅሟል አልነበረም እንዴ?» አልኩት።

«የለቀምኩት እኔ ነኝ። ከእኔ ላይ ማን ይነጥቃል?»

ተቀመጥን። ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አየሁት። የሴትየዋ በር አረንጓዴ መሆኑን አላውቅም ነበር። ተራ በተራ ቀዘፍን። የማይናገረው ሰው ተሳፍሮ ፊቱን ሲያዞር ማንን እንዳየሁ ለአቶ ደረባ አልነገርኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። ታንኳው አሸዋ ነካ።

«ልንከፍላት ይገባል» አልኩ።

«ላለቀ ነገር መክፈል ጉቦ ነው። መከፈል የሚቻለው ተነጥቆ ሲጮህ ነው» አለ አቶ ደረባ። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔም አየሁት። ካፖርታችንን ለበስን።

ትርንጎ ደጃፍ ስንደርስ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። እኔ ስክሪኑን ያዝኩ። አቶ ደረባ ከጀርባዬ ዞሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅርታ፣ አቶ ጆሮ» አለና ነጠቀኝ።

አፌን ከፈትኩ። እሪ ልል ነበር ሐሳቤ፤ ቢያንስ ወይኔ፣ መጀመሪያ የተመኘችውን። ነገር ግን ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ጩኸት ሰማሁ እንጂ ጮኼ አላውቅም። ደግሞም ተሻግሬ ነበር፤ ሆዴ ውስጥ የሚጮህ ነገር አልቀረም። የወጣው ይኸው ነው፦

«እህ።»

አቶ ደረባ ባርኔጣውን ዝቅ አደረገ። «ድገመው» አለኝ በሹክሹክታ።

«ሁለቴ መንጠቅ ያስቀጣል።»

«እንግዲያው ስንት ነው፣ አቶ ጆሮ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይዋሽ ይሆናል። እኔ በልኬ ታምቼ አላውቅም። «እህ ነው» አልኩ።

በሩ ተከፈተ። ትርንጎ ደረቅ ሹራብ ለብሳለች። ከራሷ በላይ ቆርቆሮው በዝናቡ እየጮኸ ነበር፤ ከልማድ የተነሳ ለካሁት፤ እሪ ነበር።

«ምን አላችሁ? በዚህ ቆርቆሮ ምንም አይሰማም!»

«ዋጋ ይዘን መጥተን ነው!» አልኩ እኔም ጮክ ብዬ፤ ይኸኛው ግን አይቆጠርም። የእህን ዋጋ በመዳፏ ላይ አኖርኩላት።

መዳፏን አየች። «የየትኛው ነው?»

«የፊተኛው። ዳርቻ ያለው።»

በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ ጨበጠችው።

«ጥሩ» አለች። «ሽንኩርት አልቆብኝ ነበር።»